ባለቤቴ ወሯ ገብቷል፤ ከዘጌ መጥታ ባሕር ዳር የት ትውለድ?

ጠያቂ፣ ዘጌ
ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ወሯ ገብቷል። ክትትሏን እዚሁ ጤና ጣቢያ ነው ያደረገችው። ምጡ ሌሊት ቢመጣ በጀልባ መሻገር አይታሰብም። ከሰዓት በኋላም ነፋስ ከተነሳ ሐይቁ አይታመንም። ስለዚህ አስቀድመን ባሕር ዳር ልንገባ ነው። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ይሻላል፣ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ወይስ ጤና ጣቢያ? ወጪውስ? ምን እንያዝ? ሰሞኑን ራሷን እያመማት ነው፣ እግሯም አብጧል። እናቴ የወር መግባት ድካም ነው ትላለች።

የሁለት ልጆች እናት፣ ሽምብጥ
ማርያም በሽልም ታውጣት! ወሊድ በመንግሥት ጤና ተቋም ነፃ ነው። ግን አንዳንዴ መድኃኒት ከውጭ ግዙ ስለሚባል ትንሽ ብር ይዘህ ግባ። የክትትል ካርዷን እንዳትረሳ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። ሞዴስ፣ ጋቢ፣ ነጠላ፣ ለሕፃኑ ኮፍያና ካልሲ፣ በፔርሙስ አጥሚት። አብራት የምታድር ሴት ዘመድም ትኑር።

ባጃጅ ሹፌር
ፈለገ ሕይወት ከተማው ውስጥ ነው። ጥበበ ግዮን በአዴት መንገድ ወጣ ስለሚል ማታ ባጃጅ ላይገኝ ይችላል። ማረፊያችሁን አይተህ ወስን።

አዋላጅ ነርስ
ወንድሜ፣ የሆስፒታሉ ምርጫ ይቆየን። መጨረሻ ላይ የጻፍከው ነው ያሳሰበኝ። እግር ማበጥ ብቻውን ብዙ ነፍሰ ጡር ላይ አለ። ራስ ምታት ሲጨመርበት ግን ድካም ነው ተብሎ አይታለፍም። አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ውሰዳትና ግፊቷን ይለኩላት፣ ሽንቷም ፕሮቲን እንዳለው ይታይ። 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ነው። ዓይኗ ብዥ ካለባት፣ ፊቷ ካበጠ ወይም በቀኝ በኩል የላይኛው ሆዷን ካመማት ደግሞ ይብሳል፤ ወደ መንቀጥቀጥ ሊሄድ ይችላል። ጤና ጣቢያው መንቀጥቀጥ የሚከላከል መርፌ ሰጥቶ በአምቡላንስ ሪፈር ይልካታል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 ነው። ጀልባ አትጠብቁ።

ጤነኛ እናት ጤና ጣቢያ ብትወልድ ምንም ክፋት የለውም። ግፊት ያለባት ግን ኦፕራሲዮንና የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ያለበት ትሂድ። ሁለቱም ሆስፒታሎች አላቸው።

የሁለት ልጆች እናት፣ ሽምብጥ
እኔ ጓዝ ስቆጥር ዋናው አመለጠኝ። ነርሷ የምትልህን ስማ። ደም ሊያስፈልግ ስለሚችል የሚለግስ ወንድም ካለህም ተዘጋጅ በለው።

ጠያቂ፣ ዘጌ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግፊቷ 150/100 ሆኖ መርፌ ተሰጥቷት በአምቡላንስ መጣን። ፈለገ ሕይወት ተኝታለች፣ ማዋለዳቸው አይቀርም ብለውናል። እናቴ ሕፃኑን የምናልሰው ብላ ቅቤ ይዛ መጥታለች። ምን ልበላት?

አዋላጅ ነርስ
እሰይ፣ ደረሳችሁ! እናትህን በአክብሮት ንገራት፤ ቅቤው ለአራሷ ገንፎ ይሁን። ለሕፃኑ ቅቤም፣ ውኃም፣ ስኳርም አይሰጥም። በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ። ቢጫው እንገር እንዳይታለብና እንዳይደፋ፣ የመጀመሪያ መከላከያው እሱ ነው። ገላውን ቢያንስ 24 ሰዓት አትጠቡት። ልብሱን አውልቃችሁ በእናቱ ደረት ላይ፣ ገላ ለገላ አድርጉትና ከላይ አልብሱት። እትብቱ ላይ ባለሙያ ያላዘዘውን ነገር አትቀቡ። ከመውጣታችሁ በፊት የቢሲጂና የፖሊዮ ክትባት ጠይቁ፣ ቀጣዩ በ6 ሳምንቱ ነው።

ጡት እንቢ ካለ፣ ካተኮሰው ወይም ከቀዘቀዘ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ መዳፉና ውስጥ እግሩ ቢጫ ከሆነ ሌሊትም ቢሆን አምጡት።

የእሷም ነገር በመውለድ አያበቃም። መንቀጥቀጡ ከወሊድ በኋላም ሊመጣ ይችላል። ቤት ከገባችሁ በኋላም ግፊቷ ይለካ፣ በተለይ በመጀመሪያው ሳምንት። ራሷን ካመማት ወይም ዓይኗ ብዥ ካለባት ቀጠሮ ሳትጠብቁ ተመለሱ። ለዚህ ሲባል ወዲያው ዘጌ ከመመለስ ባሕር ዳር ዘመድ ቤት ብትታረስ ይሻላል።