ማህበራችን ሊዋሃድ ነው፤ ተቃውሜያለሁ፣ ድርሻዬን በስንት ልውጣ?

ቱሉ ዲምቱ ላይ ብሎኬት የምናመርትበት ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር አለን። አምስት ነን። በ2009 ስንጀምር ካፒታላችን 2 ሚሊዮን ብር ነበር፤ የእኔ ድርሻ 240 ሺህ፣ ማለትም 12 በመቶ።

አሁን አራቱ ከአንድ ትልቅ የግንባታ ዕቃ ድርጅት ጋር እንዋሃድ ብለው ወሰኑ። ብቻዬን ተቃወምኩ። ቃለ ጉባኤው ላይ ከስሜ ትይዩ «አልተስማማሁም» ብዬ በእጄ ጽፌ ነው የፈረምኩት። ፎቶ ኮፒው እጄ ላይ አለ። ሰነዱ ገና ውልና ማስረጃ አልቀረበም።

88 በመቶው እነሱ ጋ ስለሆነ ውሳኔውን ማስቆም እንደማልችል ገብቶኛል። የከነከነኝ ዋጋው ነው። «መውጣት ከፈለግክ 240 ሺህህን ውሰድ» አሉኝ። ማሽኑ በመዝገብ ላይ በእርጅና ቅናሽ ተበልቶ ዜሮ ሊገባ ምንም አልቀረውም፤ ግቢው ውስጥ ግን ዛሬም ከጠዋት እስከ ማታ መሬቱን እያንቀጠቀጠ ብሎኬት ያወጣል። እሱን የመሰለ ልግዛ ብል በ2009 ዋጋ ማን ይሸጥልኛል? ትርፉንም ቢሆን ሳንከፋፈል መልሰን ሥራው ላይ ነው ያዋልነው።

ገለልተኛ ገማች ይግባ ብዬ በደብዳቤ ጠየቅኩ። ሦስት ሳምንት ሆነ፣ መልስ የለም። የኦዲት ሪፖርት ስጠይቅም አንድ ገጽ ማጠቃለያ ሰጡኝ። አዲሱን የንግድ ሕግ፣ አዋጅ 1243/2013ን፣ አገላብጫለሁ፤ ለእኔ ጉዳይ እንዴት እንደሚሠራ ግን አልጠራልኝም።

በዚህ ያለፈ ወይም ሕጉን የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ፦ ውህደቱን የተቃወመ አባል ድርሻው በዛሬ ዋጋ ተገምቶ እንዲከፈለው በፍርድ ቤት ማስገደድ ይችላል?