አንድ ኮምፒውተር፣ አራት ተጠቃሚ፦ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። ቢሯችን ያለችው ኮምፒውተር አንዲት ናት። ዊንዶውስ 10 ነው፤ አራታችንም የየራሳችን አካውንት አለን። በአድሚን አካውንቴ ገብቼ ሊብሬኦፊስ (ደብዳቤ ምናምን የምንጽፍበት ነጻ ፕሮግራም) ጫንኩ። ለሁሉም ይከፍታል፤ እስከዚህ ሰላም ነው።

ጣጣው ከዚያ በኋላ መጣ። እኔ ጋ ፋይል በወርድ ፎርማት እንዲቀመጥ አስተካክያለሁ። ሌሎቹ ጋ ግን አሁንም በኦዲቲ፣ በሊብሬኦፊስ በራሱ ፎርማት ነው የሚያስቀምጠው። የጫንኩት የአማርኛ ፎንትም እነሱ ጋ የለም። የአንድ ገጽ ደብዳቤዬ እነሱ ሲከፍቱት ሁለት ገጽ ይሆናል!

ፎንቱን «ለሁሉም ተጠቃሚ» በሚለው ድጋሚ ልጭነው ነው። ሴቲንጉንስ? አፕዳታ ውስጥ (ዊንዶውስ የየተጠቃሚውን የፕሮግራም ሴቲንግ የሚያስቀምጥበት ፎልደር) ያለውን የሊብሬኦፊስ ፕሮፋይሌን፣ ማለትም የሴቲንግ ፎልደሬን፣ ኮፒ አድርጌ ለሦስቱ ብሰጣቸው ያስኬዳል ወይስ ያበላሻል? የየሰዉን ፓስወርድ እየለመንኩ መዞር ሰልችቶኛል።