የሴንት ሉዊስ የመጀመሪያው ከንቲባ ዘጠኝ ጊዜ የተመረጡት ለምንድን ነው?

የታሪክ መምህር (ደብረ ብርሃን)፦
ጤና ይስጥልኝ። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋን ከአንኮበር ሆነው ሲገዙ (ከ1813 እስከ 1847፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሌላው ዓለም ከተሞች እንዴት ይተዳደሩ እንደ ነበር ለተማሪዎቼ የሚያሳይ ማነጻጸሪያ እያዘጋጀሁ ነው። ከእኛ በኩል ከታጁራ በግመል የሚመጣው ሸቀጥ የሚራገፍባትን፣ ሹሟም ከንጉሡ የሚሾምባትን አልዩ አምባን ወስጃለሁ። ከአሜሪካ ደግሞ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር የነበረችውን የጠረፍ ከተማ ሴንት ሉዊስን መረጥሁ። የመጀመሪያው ከንቲባዋ ዶክተር ዊሊያም ካር ሌን ዘጠኝ ጊዜ መመረጣቸው ግን ግራ አጋባኝ። ሥልጣን የሙጥኝ ያሉ ሰው ነበሩ ወይስ ሌላ ምክንያት አለ?

የአንኮበሩ አንባቢ፦
መምህር፣ በዚያ ጊዜ የከንቲባነቱ ዘመን አንድ ዓመት ብቻ ነበር። ሌን ከ1823 እስከ 1829፣ ኋላም ከ1837 እስከ 1840 አገልግለዋል፤ ስለዚህ ዘጠኙ ምርጫ ተደምሮ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ነው፣ በየዓመቱም ወደ መራጩ ተመልሰው መቅረብ ነበረባቸው።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ የመጀመሪያው ምርጫ ነው። ተፎካካሪያቸው ኦገስት ሹቶ በ1764 ገና ልጅ ሳሉ ከነጋዴው ፒየር ላክሌድ ጋር ከተማዋን የቆረቆሩ፣ በፀጉር ቆዳ ንግድ የበለጸጉ ፈረንሳዊ ነበሩ። ሌን ግን በ1789 በፔንሲልቬኒያ የተወለዱና ወደ ከተማዋ የገቡት በ1819 የሆነ መጤ ሐኪም ናቸው። አሜሪካ ሴንት ሉዊስ ያለችበትን ሰፊውን የሉዊዚያና ግዛት በ1803 ከፈረንሳይ ከገዛች በኋላ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ሕዝብ እየበዛ ስለ መጣ፣ መሥራቹ በመሠረቱት ከተማ ተሸነፉ። በእኔ ግምት ሌንን የረዳቸው ሹቶ ያልነበራቸው ነገር ነው፤ ሐኪም በየቤቱ ይገባል፣ ከሀብታሙም ከድሃውም ጋር ይተዋወቃል።

ሥራቸውን በተመለከተ፣ ገና ሲመረጡ ለምክር ቤቱ ያቀረቡት ሐሳብ የወንዙ ዳር የጭነት ማራገፊያ እንዲስተካከል፣ መንገዶች ድንጋይ እንዲነጠፍባቸው፣ ለሕዝብ ጤናና ለትምህርት ትኩረት እንዲሰጥ የሚጠይቅ ነበር። በዘመናቸው፣ በ1826፣ የፈረንሳይኛ የመንገድ ስሞች ተለውጠው ከወንዙ ወደ ላይ የሚወጡት መንገዶች፣ ከገበያው መንገድ በቀር፣ በዛፍ ስም ተሰየሙ፤ ወንዙን ተከትለው የሚሄዱት ደግሞ በአብዛኛው ቁጥር ተሰጣቸው።

ከሸዋ ሮቢት፣ የውኃ መሐንዲስ፦
በሁለተኛው ዘመናቸው ከተማዋን ያስጨነቀው ጉዳይ ወንዙ ራሱ ነበር። የመጀመሪያው የእንፋሎት ጀልባ በ1817 ከደረሰ ወዲህ የከተማዋ ኑሮ በማራገፊያው ላይ የተመሠረተ ቢሆንም፣ ሚሲሲፒ ዋና ፍሰቱን ወደ ማዶው ወደ ኢሊኖይ ዳርቻ እያዞረ በከተማዋ በኩል አሸዋ ይከምር ጀመር። ክረምት ላይ የቆላ ወንዝ ደለል ሲያወርድ ያየ የአካባቢያችን ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፤ ልዩነቱ የመጠን ነው። ይህ ከማዘጋጃ ቤት አቅም በላይ ስለ ሆነ የፌዴራሉ መንግሥት በ1837 ሮበርት ሊ የተባለውን የጦር መሐንዲስ ላከ፤ እርሱም ፍሰቱ ወደ ከተማዋ ተመልሶ የተከመረውን አሸዋ ራሱ እንዲጠርገው የሚያስገድዱ ግድቦችን ሠራ። ኋላ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ባርነትን ለማስቀጠል ከኅብረቱ የተገነጠሉትን የደቡብ ግዛቶች ጦር የመራው ጄኔራል ይኸው ሰው ነው።

የታሪክ መምህር (ደብረ ብርሃን)፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የመምረጥ መብትስ የነበረው ማን ነው?

የአንኮበሩ አንባቢ፦
ነጭ ወንዶች ብቻ ነበሩ። ሴንት ሉዊስ ያለችባት ሚዙሪ በ1821 ወደ አሜሪካ ኅብረት የገባችው ባርነትን የሚፈቅድ ግዛት ሆና ስለ ነበር ባሮች፣ ነጻ ጥቁሮችና ሴቶች ድምፅ አልነበራቸውም። ሌን ራሳቸው በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ልባቸው ከደቡቡ ጋር እንደ ነበረ ለተማሪዎችዎ ቢነግሯቸው ጥሩ ነው፤ አለበለዚያ ማነጻጸሪያው አንዱን ወገን ያለ አግባብ ያስውባል።

ደግሞም ሰውየው በሕይወታቸው እንደ አልዩ አምባው ሹም የተሾሙበት ጊዜ ነበር። በ1852 ፕሬዚዳንት ፊልሞር የአሜሪካ ግዛት የሆነችው የኒው ሜክሲኮ ገዥ አድርገው ላኳቸው። በዓመቱም ከሜክሲኮ ጋር ክርክር የነበረበትን የመሲያ ሸለቆ በራሳቸው አዋጅ የአሜሪካ ግዛት ነው ብለው ብዙ ውዝግብ አስነሡ፤ በዚያው ዓመት በሌላ ሰው ተተክተው ወደ ሴንት ሉዊስ ተመለሱ፣ በ1863ም እዚያው ዐረፉ።