ክርክር፦ ለአካል ጉዳተኛ ልጅ ሲባል ጭፈራው ይለወጥ?

ጠያቂው፦ ካናዳ ውስጥ ነባር ሕዝቦች ለልጆቻቸው የባህል ጭፈራ ያስተምራሉ። ዊልቸር የሚጠቀም፣ መስማት የተሳነው ወይም ኦቲዝም ያለበት ልጅ ሲመጣስ? የጭፈራው እርምጃ ይቀየርለት? ለብቻው ክፍል ይከፈትለት? ወይስ ጭፈራው እንዳለ ይቆይ? እስቲ ወዲህ በሉ።

ጡረተኛው መምህር፦ እኔ ይቆይ ባይ ነኝ። የካናዳ መንግሥት እኮ ይህን ባህል በሕግ ሲያሳድድ ኖሯል። እንደ ፈረንጆቹ በ1885 ፖትላች የሚባለውን፣ ስጦታ የሚታደልበትንና የሚጨፈርበትን የድግስ ሥርዓት ከለከለ፣ በ1895 ክልከላውን አሰፋው፣ ያነሳው በ1951 ነው። ሰዎቹ ተደብቀው ያቆዩትን እኛ ዛሬ “አካታች እናድርገው” ብለን እንነካካው?

እናት፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ “እኛ” ያሉት ማንን ነው? የልጄ አባት ከነባሮቹ ሕዝቦች አንዱ ከሆነው ከኦጂብዌ ነው። ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ዊልቸር ትጠቀማለች። ጭፈራው የሷም ነው።

ባለፈው አንድ ዝግጅት ላይ ወሰድኳት። ማንም አልከለከላትም፣ በፈገግታ ነው የተቀበሉን። ግን መጨፈሪያው ሣር ነበር፣ ያውም ዝናብ የመታው። የፊት ጎማዎቹ ሰመጡ። ገፋሁ፣ እምቢ አለ። ዞሬ ወደ ኋላ ጎተትኳት። ከበሮው እየተመታ እሷ የጎማዋን ጭቃ በጣቷ ትጠርግ ነበር። ከዚያ ዳር ሆና አጨበጨበች፣ እንደ ተመልካች። ስለ እርምጃ የምታወሩት ለኔ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ጣጣ ነው።

ታሪክ ወዳዷ፦ ጋሼ፣ ያሉትን አልክድም። ግን የኦጂብዌዎቹን ባለ ቃጭል ቀሚስ ጭፈራ ይመልከቱ፣ ጂንግል ድሬስ የሚሉትን። የሚነሳው እኛ የኅዳር በሽታ ከምንለው ወረርሽኝ ዘመን፣ እንደ ፈረንጆቹ ከ1918 አካባቢ ነው። አተራረኩ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ዋናው ነገር ግን፣ አንዲት ልጅ ታመመች፣ አባቷ ቀሚሱንና ጭፈራውን በሕልሙ አየ። ተሰፍቶላት ለበሰች። መቆም ስላቃታት መጀመሪያ ሰው ተሸክሞ የጭፈራውን ክብ አዞራት። በኋላ በራሷ እግር ጨፈረች ይላሉ። ቃጭሎቹን ድሮ ከትንባሆ ቆርቆሮ ክዳን ነበር የሚጠቀልሏቸው።

እንግዲህ ጭፈራው የተጀመረው ሰው በተሸከማት ልጅ ነው። በዊልቸር የምትገፋዋ የምታበላሸው በምን ሒሳብ ነው?

ጡረተኛው መምህር፦ ይህን አላውቅም ነበር፣ ተባረኪ። ግን ያቺ ልጅ ዳነች። የማትድነዋስ? “ጨፍሪ፣ ትድኛለሽ” ብለን ብናስገባት ልቧን መስበር አይሆንም?

እናት፦ ይቺስ ልክ ናት። እኔ እንድትድንልኝ አይደለም የምወስዳት። ቀሚሱን ስለምትወደው ነው።

መስማት የተሳናቸው ልጆች አስተማሪ፦ የኔዎቹ ከበሮን በደረታቸውና በእግራቸው ነው የሚያገኙት። የእንጨት ወለል ላይ ጫማ አውልቀው ሲቆሙ ምቱ ይመጣላቸዋል። ፊኛ አቅፈው የሚይዙም አሉ፣ ሳቅ በሳቅ ይሆናሉ። ደግሞ የሰሜን አሜሪካ የሜዳማው አገር ሕዝቦች ድሮም የራሳቸው የምልክት ቋንቋ ነበራቸው። ቋንቋቸው የማይገናኝ ሰዎች ይግባቡበት ነበር። ስለዚህ በእጅ ማስተማር ለነሱ ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም።

ድምፅ ለሚከብደው ልጅ የጆሮ መሸፈኛ፣ ከከበሮው ራቅ ያለ ቦታና ገባ ብሎ የሚያርፍበት ድንኳን ይበቃል። የብቻ ክፍል አልወድም። ለብቻው መለማመድ የሚፈልግ ልጅ ካለ ግን ማን ይከለክለዋል?

ጠያቂው፦ ገንዘቡስ?

ታሪክ ወዳዷ፦ ካናዳ “የጆርዳን መርህ” የሚባል አላት። ጆርዳን ክሪ ከሚባለው ነባር ሕዝብ የተወለደ ልጅ ነበር። የቤት እንክብካቤውን ማን ይክፈል ብለው የፌዴራሉና የክፍለ ሀገሩ የማኒቶባ መንግሥት ሲጨቃጨቁ፣ ቤቱን ሳያይ በአምስት ዓመቱ፣ እንደ ፈረንጆቹ በ2005፣ ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። መርሁ “መጀመሪያ ልጁ ያግኝ፣ ስለ ሒሳቡ በኋላ ተነጋገሩ” ነው የሚለው።

እናት፦ እኔ እርምጃውን ለሽማግሌዎቹ ትቻለሁ። ቅዳሜ የምጠይቃቸው ስለ ወለሉ ብቻ ነው። በብርዱ ወቅት የሚጨፍሩበት አዳራሽ አላቸው። ቀሚሱም እየተሰፋ ነው፣ አጠር ተደርጎ። ረጅሙ ጎማ ውስጥ ይገባል።

ጡረተኛው መምህር፦ ቃጭሉ ተቀምጣ ይጮኻል እንዴ?

እናት፦ አያቷ ናት የምትሰፋው፣ ጋሼ። ክንዷና ትከሻዋ ላይ ጨመረችበት።