በሲኩዌንሰር ዙሪያ የሚዋቀር የቤት ውስጥ የሲንተሳይዘር ስቱዲዮ፦ ገመዱ እንዴት ይያያዝ? ክሎኩንስ ማን ይምራ?

የማታ ኪቦርድ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁም። በአንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያልቅ አነስተኛ የሲንተሳይዘር ስቱዲዮ በቤቴ እያዘጋጀሁ ነው። በእጄ ያሉት መሣሪያዎች በአንድ ጊዜ ስምንት ድምፅ የሚያወጣ ባለ ኪቦርድ ሲንተሳይዘር፣ ከሚዲ (መሣሪያዎች የኖታ ትእዛዝ ከሚለዋወጡበት ሥርዓት) በተጨማሪ የቮልቴጅ መግቢያ ያለው ባለ አንድ ድምፅ የባስ ሲንተሳይዘር፣ አንድ ድራም ማሽን እና ድምፁን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ፣ ሁለት መግቢያ ብቻ ያለው ኦዲዮ ኢንተርፌስ ናቸው። ሙዚቃውን እስከ አሁን የማቀናብረው በኮምፒውተር ነበር፤ ሆኖም ስክሪን ላይ የማፈጥበት ጊዜ ከማዳምጥበት ጊዜ እየበለጠ ስለመጣ፣ ቅንብሩን ሙሉ በሙሉ ለሲኩዌንሰር (ኖታዎችን መዝግቦ መሣሪያዎቹን ለሚያጫውት ሳጥን) ሰጥቼ ኮምፒውተሩን ለቀረጻ ብቻ ለማስቀረት ወስኛለሁ።

ከወዳጄ በተዋስኩት ሲኩዌንሰር ስሞክር ግን ሁለት ነገሮች ግራ አጋቡኝ። ኪቦርዱን ስጫወት ድምፁ ይወፍርና ይደፈርሳል፤ አምስት ኖታ ስይዝም ቀድሞ የያዝኩት ኖታ ይቋረጣል። በተጨማሪም የባሱ ሲንተሳይዘር ሳልጠራው እየገባ ከኮርዱ አንዱን ኖታ ይዞ ያንጎራጉራል። ገመዶቹን ያያያዝኩት ከሲኩዌንሰሩ ወደ ድራም ማሽኑ፣ ከድራም ማሽኑ ወደ ባሱ፣ ከባሱ ወደ ኪቦርዱ በማስከተል ሲሆን፣ የኪቦርዱ ሚዲ አውት ደግሞ ወደ ሲኩዌንሰሩ ይመለሳል። ገመዱን እንዴት ባያይዘው ይሻላል? ለእነዚህ ሦስት መሣሪያዎችስ ምን ዓይነት ሲኩዌንሰር ብገዛ በኋላ አልቆጭም?

ባለ ገመዱ፦

ሁለቱም ችግሮች የቅንብር እንጂ የብልሽት ጉዳይ ስላልሆኑ ከእነሱ ልጀምር። ድምፁ የሚወፍረው ኪቦርዱ የራሱን ድምፅ ማመንጫ በውስጥ በኩል በቀጥታ ስለሚያዝ፣ ያው ኖታ ደግሞ በሚዲ ወጥቶ በሲኩዌንሰሩ በኩል ዞሮ ተመልሶ ስለሚገባ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ሚሊሰከንድ ብቻ በመሆኑ ጆሮ ሁለት የተለያዩ ኖታዎች አድርጎ አይለያቸውም፤ የደፈረሰ አንድ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ለአንድ ኖታ ሁለት ድምፅ እየወጣ ስለሆነም ስምንቱ ድምፅ በአራት ኖታ ያልቃል፤ አምስተኛውን ሲነኩ የመጀመሪያው የሚቋረጠው በዚህ ምክንያት ነው። በሲንተሳይዘሩ የሚዲ ቅንብር ውስጥ ገብተው «ሎካል» የሚለውን «ኦፍ» ያድርጉት። ከዚያ በኋላ ቁልፎቹና ድምፅ ማመንጫው እንደ ሁለት የተለያዩ መሣሪያዎች ይሆናሉ፤ በሲኩዌንሰሩ ላይ የባሱን ትራክ ሲመርጡ በዚያው ኪቦርድ ባሱን፣ የድራሙን ትራክ ሲመርጡ ድራሙን ይጫወታሉ። ሲኩዌንሰሩ ጠፍቶ ሳለ ኪቦርዱ ድምፅ አልባ እንደሚሆን ግን ልብ ይበሉ፤ ይህን ረስቶ መሣሪያውን ወደ ጥገና ሊወስድ የተነሣ ሰው አውቃለሁ።

ባሱ ሳይጠራ የሚገባው ደግሞ በየትኛውም ቻናል የሚመጣውን ሁሉ እንዲቀበል ተደርጎ፣ ማለትም «ኦምኒ» ላይ ሆኖ ስለተተወ ነው። አንድ የሚዲ ገመድ 16 ቻናሎችን ይሸከማል፤ ኪቦርዱን 1፣ ባሱን 2፣ ድራም ማሽኑን 10 ላይ ቢያደርጓቸውና ቁጥሩን በትንሽ ወረቀት ጽፈው በየመሣሪያው ጀርባ ቢለጥፉት ይበቃል። ለድራም 10ን መምረጥ ግዴታ አይደለም፤ ነገር ግን የቆየ ልማድ ስለሆነ ብዙ መሣሪያዎች ከፋብሪካ ሲወጡ በዚያ ተቀናብረው ይመጣሉ።

ወደ አያያዙ ስመጣ፣ የእርስዎን የመሰለ የማስከተል አያያዝ ለሦስት መሣሪያዎች ይሠራል፤ ይሁን እንጂ እኔ አልወደውም። በእያንዳንዱ የትሩ ቀዳዳ (የገባውን ምልክት ወደ ቀጣዩ መሣሪያ በሚያሳልፈው መውጫ) ምልክቱ በኦፕቲካል አይሶሌተር፣ ማለትም ምልክቱን በብርሃን በሚያሻግር አካል ውስጥ ስለሚያልፍ ጠርዙ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ አራተኛና አምስተኛ መሣሪያ ሲጨመር ኖታ መሳት ወይም ተንጠልጥሎ መቅረት ሊመጣ ይችላል። በመካከል ያለው አንዱ መሣሪያ ሲጠፋ ከእሱ በኋላ ያሉት ሁሉ ዝም ማለታቸውም ሌላ ጣጣ ነው። አንድ መግቢያና በርካታ መውጫ ያለው የሚዲ ማከፋፈያ ሳጥን ሁለቱንም ችግሮች ያስወግዳል።

ይሁንና ማከፋፈያ ሳጥኑ የማይፈታው አንድ ነገር አለ፤ እሱም የገመዱ ፍጥነት ነው። ሚዲ በሰከንድ 31,250 ቢት ያስተላልፋል። ይህ ልክ እ.ኤ.አ. በ1983 ደረጃው ሲወጣ የተቀመጠ ሲሆን ባለ አምስት ፒኑ ገመድ ዛሬም የሚሠራበት ነው። አንድ ባይት ከመነሻና ከማቆሚያ ቢቱ ጋር 10 ቢት ስለሚሆን 320 ማይክሮሰከንድ ይወስዳል፤ አንድን ኖታ ለማስነሣት ሦስት ባይት ያስፈልጋልና አንድ ኖታ ወደ አንድ ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል ማለት ነው። በመጀመሪያው ምት ላይ አራት ኖታ ያለው ኮርድ፣ አንድ የባስ ኖታና ሦስት የድራም ምቶች ቢገጣጠሙ ስምንቱም ተሰልፈው ይወጣሉ፤ የመጨረሻው መድረሻው ላይ የሚደርሰው ወደ 8 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ነው። ያ የመጨረሻው ኪኩ (ወፍራሙ የድራም ምት) ከሆነ ምቱ የላላ ሆኖ ይሰማል። ስለዚህ ሲኩዌንሰር ሲመርጡ ከትራኮቹ ብዛት አስቀድመው ስንት የተለያዩ የሚዲ መውጫዎች እንዳሉት ይመልከቱ፤ ሁለት ካሉት ድራም ማሽኑን ለብቻው በአንዱ ያድርጉትና ሌሎቹን በሁለተኛው ይላኩ። አንድ መውጫ ብቻ ካለው ደግሞ ድራሙን በዝቅተኛ ቁጥር ትራክ ላይ አድርገው ይሞክሩት፤ ብዙ ሲኩዌንሰሮች ትራኮቹን በቁጥራቸው ቅደም ተከተል ይልካሉ።

ስቴፕ በስቴፕ፦

ባለ ገመዱ ስለ መውጫ ብዛት የተናገሩትን እቀበላለሁ፤ ሆኖም ጠያቂው የሚቆጩት ወይም የማይቆጩት ከሁሉ በላይ መሣሪያው ኮርድን በሚይዝበት መንገድ ይመስለኛል። በስም የታወቁትን ለማነጻጸር ያህል፣ የኮርግ ኤስኪው-1 እያንዳንዳቸው ስምንት ስቴፕ (አንድ ኖታ የሚቀመጥበት የምት ክፍል) ያላቸው ሁለት ረድፍ ቁልፎች ብቻ ያሉት ሲሆን፣ ለባስ ተደጋጋሚ ሐረግ እጅግ ደስ ይላል፤ ባለ ስምንት ድምፅ ሲንተሳይዘርን ለመምራት ግን አልተሠራም። የአርቱሪያ ቢትስቴፕ ፕሮም ሁለቱ የዜማ መስመሮቹ በአንድ ጊዜ አንድ ኖታ ብቻ ይይዛሉ። የዚያው ኩባንያ ኪስቴፕ ፕሮ አራት ትራክ፣ ኮርድ የመያዝ አቅም፣ ሁለት የሚዲ መውጫና የቮልቴጅ መውጫዎች ስላሉት አሁን ላሉት ሦስት መሣሪያዎች በልክ የተሰፋ ነው ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ኤሌክትሮን ዲጂታክት ከስምንቱ የሳምፕል (የተቀረጸ ድምፅ) ትራኮቹ ጎን ስምንት የሚዲ ትራኮች ነበሩት፤ በአንድ ስቴፕ እስከ አራት ኖታ ይይዝ ነበር፤ የስኳርፕ ሃፓክስ ደግሞ 16 ትራኮች ስላሉት ስቱዲዮው ቢያድግም አይጠብም።

ከዝርዝሩ በላይ ግን ሁለት ጥያቄዎችን ለራስዎ ያቅርቡ። አንደኛው፣ በጣትዎ እየተጫወቱ የሚቀርጹ ነዎት ወይስ ስቴፕ እየቆጠሩ የሚያስገቡ? በጨዋታ የሚያቀናብር ሰው በ16 ስቴፕ ፍርግርግ ላይ ብቻ የሚያስብ ሲኩዌንሰር ቢገዛ የእጁ ልስላሴ ሁሉ ወደ ቅርቡ ስቴፕ ተጎትቶ ይጠፋበታል። ሁለተኛው፣ ሙዚቃው እየተጫወተ ሳለ ሳያቋርጡ ማስቀመጥና ወደ ሌላ ፓተርን (ተደጋጋሚ የኖታ ሐረግ) መሻገር ይችላሉ ወይ? ይህ በማስታወቂያ ላይ ጎልቶ አይጻፍም፤ በየቀኑ የሚያጋጥመው ግን ይህ ነው። ከመግዛትዎ በፊት የመሣሪያውን መመሪያ መጽሐፍ አውርደው ስለ ማስቀመጥና ስለ ፓተርን ማገናኘት የሚናገሩትን ገጾች ብቻ ቢያነቡ፣ በርካታ የቪዲዮ ግምገማዎችን ከማየት ይልቅ ይጠቅምዎታል።

የማታ ኪቦርድ (ጠያቂ)፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሎካሉን ኦፍ አድርጌ ቻናሎቹን ስለይ ሁለቱም ችግሮች ወዲያው ጠፉ። የምጫወተው በጣቴ ነው፤ ስለዚህ ኮርድ የሚይዝና ሁለት መውጫ ያለው ሲኩዌንሰር እፈልጋለሁ። የቀሩኝ ጥያቄዎች ሦስት ናቸው። በቀረጻ ጊዜ ቴምፖውን ኮምፒውተሩ ይምራ ወይስ ሲኩዌንሰሩ? ባሱን በሚዲ ልምራው ወይስ በቮልቴጅ? ሦስተኛ፣ ኪቦርዱን በዩኤስቢ ከኮምፒውተሩ ጋር ሳገናኘው በድምፁ ውስጥ ቀጭን ፉጨት ይሰማል፤ ማውሱን ሳንቀሳቅስም ፉጨቱ ይለዋወጣል። ይህ ከምን የመጣ ነው?

ሞገድ ጠባቂ፦

ክሎኩን፣ ማለትም መሣሪያዎቹ ቴምፖ የሚጠብቁበትን ምልክት፣ ሲኩዌንሰሩ ይምራ። የሚዲ ክሎክ ለአንድ ምት 24 ጊዜ ይልካል፤ በ120 ቴምፖ ሲሰላ በየ20.8 ሚሊሰከንዱ አንድ ማለት ነው። ራሱን የቻለ ሲኩዌንሰር ሌላ ሥራ ስለሌለው ይህን ርቀት በእኩል ይጠብቃል፤ ኮምፒውተር ግን ክሎኩን ከሌሎች ሥራዎቹ መካከል ጊዜ ሲያገኝ በዩኤስቢ በኩል ስለሚልከው አንዱ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ ሊደርስ ይችላል፤ ይህም በድራም ማሽኑ የሃይሃት ምት ላይ በግልጽ ይሰማል። በተቃራኒው ኮምፒውተሩን የሲኩዌንሰሩ ተከታይ ማድረግም አልመክርም፤ የቴምፖ ቁጥሩ ከ120 በላይና በታች ሲዋልል ያዩታል። ኮምፒውተሩ ራሱን ችሎ ይሂድ፤ ቴምፖውን በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ያድርጉና ድምፁን ብቻ ይቅረጹ። በሁለቱ ውስጥ ጊዜ የሚቆጥሩት ክሪስታሎች ልዩነት ከሚሊዮን 50 እጅ ያህል ቢሆን እንኳ በአምስት ደቂቃ ሙዚቃ ውስጥ የሚፈጠረው መራራቅ 15 ሚሊሰከንድ ነው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ከተቀረጸ ማንም አያስተውለውም።

«ሁሉም በአንድ ጊዜ» የሚለው ላይ ነው እንግዲህ የእርስዎ ኢንተርፌስ የሚያንሰው። ሁለት መግቢያ ብቻ ስላለዎት ወይ ሁሉንም በሚክሰር ቀላቅለው በስቴሪዮ መቅረጽ፣ ወይ መሣሪያዎቹን ተራ በተራ መቅረጽ ግድ ይሆናል። ተራ በተራ የሚቀርጹ ከሆነ ይህን ያድርጉ፦ በእያንዳንዱ ዙር በግራ መግቢያ የድራም ማሽኑን ሪምሾት (አጭርና ሹል የድራም ምት) ብቻ፣ በቀኝ መግቢያ የሚቀረጸውን መሣሪያ ያስገቡ። ሲኩዌንሰሩን ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ባር ያስነሡት። በኋላ በስክሪኑ ላይ የሪምሾቱ ሞገድ ሹል ጫፍ ጎልቶ ስለሚታይ፣ የየዙሩን የመጀመሪያ ጫፎች አንዱን ከሌላው በላይ አሰልፈው ግራውን ቻናል ይደመስሱታል። ትንሽ ልፋት አለው፤ ነገር ግን ያለ ምንም ተጨማሪ ወጪ ከማንኛውም የክሎክ ማመሳሰያ እኩል ይሠራል። ወደፊት ገንዘብ ሲኖርዎ ግን ከሌላ ሲንተሳይዘር በፊት ባለ ስምንት መግቢያ ኢንተርፌስ ይግዙ። የቀረጻውን መጠን በተመለከተ በ24 ቢት ከቀረጹ ከፍተኛው ጫፍ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ቢቆም በቂ ነው፤ ወደ ቀዩ ማስጠጋት አያስፈልግም።

ባሱን በሚዲ ይምሩት። ቮልቴጅ የሚዲን ሰልፍ ስለማያውቅ ፈጣን መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን መጀመሪያ ሁለቱ መሣሪያዎች በአንድ ሥርዓት መስማማታቸውን ማረጋገጥ አለብዎት። አብዛኞቹ ለአንድ ኦክታቭ አንድ ቮልት ይጠቀማሉ፤ እንደ ኮርግ ኤምኤስ-20 ያሉት ደግሞ ቮልቴጁን ከፍሪኩዌንሲው ጋር የሚያመጣጥን ሌላ ስሌት አላቸው። ሥርዓቱ አንድ ቢሆንም ለግማሽ ቶን ያለው ድርሻ 83 ሚሊቮልት ገደማ ብቻ በመሆኑ፣ ጥቂት ሚሊቮልት ስሕተት ላይኛው ኦክታቭ ላይ ቅኝቱን ያዛባዋል። የቮልቴጅ መውጫዎቹን ለፊልተሩ (ድምፁን ለሚያደምቀውና ለሚያደበዝዘው ክፍል) መክፈቻ ያውሏቸው፤ እዚያ ላይ ትክክለኛ ቅኝት የሚባል ነገር ስለሌለ ነጻነት አለ።

ፉጨቱ በምድር መስመር መዞር የሚመጣ ነው። ኪቦርዱና ኮምፒውተሩ በዩኤስቢው ሽቦና በድምፁ ገመድ መከለያ በሁለት መንገድ ስለተገናኙ፣ የኮምፒውተሩ ዲጂታል ጩኸት በዚያ ክብ መንገድ ዞሮ ድምፁ ውስጥ ይገባል። ባለ አምስት ፒኑ ሚዲ ምልክቱን በብርሃን አሻግሮ ሁለቱን መሣሪያዎች በኤሌክትሪክ ስለሚለያያቸው ይህ ችግር የለበትም። እርስዎ ኮምፒውተሩን ለቀረጻ ብቻ ስለሚፈልጉት የኪቦርዱን ዩኤስቢ ይንቀሉት፤ ፉጨቱ ይቆማል። ላፕቶፑን ከቻርጀሩ ነቅለው መሞከርም መንስኤውን ለማረጋገጥ ቀላል መንገድ ነው።

ባለ ገመዱ፦

ከመግዛትዎ በፊት ጥቂት ነገር ልጨምር። ብዙ አዳዲስ ሲኩዌንሰሮች ሚዲን የሚያወጡት በአነስተኛ የስቴሪዮ ጃክ ሲሆን፣ የሽቦ አሰላለፉ ታይፕ ኤ እና ታይፕ ቢ የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች አሉት። እ.ኤ.አ. በ2018 ታይፕ ኤ ደረጃ ሆኖ ቢጸድቅም ከዚያ በፊት የተሠሩት የተደባለቁ ናቸው፤ ገመዱ ካልተስማማ ምንም አይበላሽም፤ ኖታ ግን አያልፍም። ሲንተሳይዘሮችን በዩኤስቢ በቀጥታ ከሲኩዌንሰሩ ጋር አገናኛለሁ ብለው ካሰቡም ሲኩዌንሰሩ የሆስትነት (እንደ ኮምፒውተር ሌሎች የዩኤስቢ መሣሪያዎችን የመምራት) አቅም ሊኖረው ይገባል፤ ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው የተለመደ የዩኤስቢ መግቢያው ለዚህ አይሆንም።

የኃይል አዳፕተሮችንም አይቀያይሩ። አንዱ 9 ቮልት ሆኖ መካከሉ ኔጌቲቭ፣ ሌላው 12 ቮልት ሆኖ መካከሉ ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል፤ መሰኪያዎቹ ግን አንዱ በሌላው ቀዳዳ ልክ ይገባሉ። የመሣሪያውን ስም በየአዳፕተሩ ላይ ይጻፉ።

ፓተርን ሲቀየር የሲንተሳይዘሩም ድምፅ አብሮ እንዲቀየር ከፈለጉ ሲኩዌንሰሩ ፕሮግራም ቼንጅ (ሲንተሳይዘሩ ድምፁን እንዲቀይር የሚያዝ የሚዲ መልእክት) እንዲልክ ያድርጉት። ሲንተሳይዘሩ ድምፁን ለመጫን አፍታ ስለሚወስድ መልእክቱ ከአዲሱ ፓተርን የመጀመሪያ ኖታ ጋር እኩል ከወጣ ያ ኖታ በአሮጌው ድምፅ ይጫወታል፤ ሲኩዌንሰሩ የሚፈቅድ ከሆነ በቀደመው ፓተርን የመጨረሻ ስቴፕ ላይ ያስገቡት። 12 ቁጥርን ጠርተው 13 ቁጥር ከመጣልዎትም አይገረሙ፤ አንዱ ከ0፣ ሌላው ከ1 ስለሚቆጥሩ አንድ ቀንሰው ይላኩ።