ኬንያ ተራራን በሞያሌ በኩል ሄዶ ለመውጣት ድንበር ላይ ምን ይጠየቃል?

ደብረ ብርሃኗ፦
ሰላም ናችሁ ወገኖች፣ እኔና ሁለት ጓደኞቼ ጓሳና መገዘዝ አንኮበር እያልን ስንወጣ ስንወርድ ከርመን አሁን ከጥምቀት በኋላ ከአገር ውጭ ከፍ ያለ ተራራ እንሞክር ብለናል። አንዱ ኪሊማንጃሮ ይላል እኔ ኬንያ ተራራ እላለሁ። ብራችን ትንሽ ስለሆነ በአውቶብስ ነው የምናስበው። ቪዛ አለው እንዴ? ድንበር ላይ ምን ይጠይቁናል? ገመድና ካራቢነር (ገመድ የሚያያዝበት የብረት ማንጠልጠያ) ብንይዝስ? ደግሞ የአንዱ ጓደኛችን ፓስፖርት አምስት ወር ነው የቀረው፣ ችግር አለው?

ታርማበር፦
እህቴ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ኬንያ ቪዛ የለውም። በፈረንጅ 2024 ቪዛ ቀርቶ በኦንላይን ቅድመ ፈቃድ ሲባል ብዙ ሰው ተደናግጦ ነበር፣ እኛ ግን ከሱም ነፃ ነን፣ ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ "ፈቃድ እናውጣላችሁ" እያለ ዶላር የሚጠይቅ ካለ ዝም ብላችሁ እለፉት። ፓስፖርቱ ግን ስድስት ወር ይፈልጋል፣ ልጁ ያሳድስ፣ አምስት ወር ይዞ ሞያሌ ድረስ መሄድ ዕድል መሞከር ነው።

የሸዋ ሮቢቱ፦
ኪሊማንጃሮስ? ከፍታውም 5895 ሜትር ነው፣ ከሄዱ አይቀር ትልቁን ነው እንጂ። ደግሞ አፍሪካዊ ነን ቅናሽ ይኖራል።

ታርማበር፦
ኧረ ወንድሜ ቅናሹ ለምስራቅ አፍሪካ ማህበረሰብ አባል አገሮች ዜጎች ነው፣ እኛ አባል አይደለንም፣ እንደ ፈረንጁ ነው የምንከፍለው። ፓርኩ በቀን 70 ዶላር፣ ድንኳን በአዳር 50፣ የነፍስ አድን 20፣ በዛ ላይ 18 ፐርሰንት ቫት፣ የስድስት ቀን መንገድ ብትይዝ ለፓርኩ ብቻ ከ800 ዶላር በላይ ነው። ያለ አስጎብኚም አያስወጡም፣ የታንዛኒያ ቪዛም አለ፣ ቀድሞ በኦንላይን ነው የሚጠየቀው። በትንሽ ብር ኪሊማንጃሮ የለም በቃ።

ጋሽ ሞላሌ፦
ልጆቼ ዋናውን ረሳችሁት፣ የቢጫ ወባ ክትባት። ከኛ አገር ለሚገባ ሰው ኬንያም ታንዛኒያም ካርዱን ይጠይቃሉ። ክትባቱ ከተወጋችሁ አስር ቀን ካልሞላው አይቆጠርም፣ ስለዚህ ለጉዞው ሳምንት ሲቀር አትሩጡ። አንዴ ከተወጋችሁ ግን ዕድሜ ልክ ነው፣ ከ2016 በፈረንጅ ወዲህ በየአስር አመቱ መድገም ቀርቷል። ካርዱ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል አንድ መሆኑን እዛው ጤና ጣቢያው ቆማችሁ እዩ።

ሞያሌ ላይ የአገሬው ሰው በመታወቂያ ወዲያ ወዲህ ሲል ታያላችሁ፣ እንዳትከተሉት። የሁለቱም አገር ኢሚግሬሽን አንድ ግቢ ውስጥ ነው፣ የኛን መውጫ የነሱን መግቢያ ማህተም አስመቱና ገፁን ገልጣችሁ በዓይናችሁ እዩ። ከሞያሌ ማርሳቢት ኢሲዮሎ ድረስ አውቶብሱን እያስቆሙ ይፈትሻሉ፣ በዚያ መንገድ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄድ ወጣት ብዙ ስለሆነ ሦስት ጎረምሳ ከነቦርሳው ሲያዩ መጠርጠራቸው አይቀርም። የአስጎብኚውን ደብዳቤ፣ የፓርክ ቦታ ማስያዣውን፣ ከተቻለ የመስሪያ ቤት የፈቃድ ወረቀት በወረቀት አትማችሁ ያዙ፣ ስልክ ላይ ነው ያለው አትበሉ፣ ስልክ ይዘጋል።

ደብረ ብርሃኗ፦
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ "ሦስት ጎረምሳ" ያሉት ግን እኔ ሴት ነኝ 😂 ገመዱስ?

ታርማበር፦
ገመድና ካራቢነር በአውቶብስ ችግር የለውም፣ አዲስ ከሆነ ግን መለያ ወረቀቱን ቁረጡት፣ ከነማሸጊያው ከሆነ ጉምሩክ ለሽያጭ ነው ሊል ይችላል። ድሮን ካላችሁ ቤት ተዉት። ግን ለምን ገመድ ትሸከማላችሁ? የኬንያ ተራራ ሌናና የሚባለው ጫፍ 4985 ሜትር ነው፣ በእግር ይወጣል። ገመድ የሚፈልጉት ባቲያንና ኔሊዮን ናቸው፣ እሱ የዓለት መውጣት ልምድ ላለው ነው።

የሸዋ ሮቢቱ፦
እሺ ተሸነፍኩ። ግን በሶና ቆሎ ይዞ መግባት ይቻላል?

ጋሽ ሞላሌ፦
በሶው ሳይሆን ፌስታሉ ነው ችግሩ! ኬንያ ፌስታል ከ2017 በፈረንጅ ጀምሮ ክልክል ነው፣ ቅጣቱም ቀላል አይደለም። ብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ ደግሞ ከ2020 በፈረንጅ ወዲህ የሃይላንድ ውሃ እንኳ አይገባም። በሶውን በጨርቅ ከረጢት፣ ውሃውን በብረት ኮዳ።

አንኮበሬ፦
ከኢሲዮሎ ተራራው ስር ወዳለችው ናንዩኪ ከተማ በማታቱ (የነሱ ሚኒባስ ታክሲ) ትሄዳላችሁ፣ ከዛ የፓርኩ መግቢያ ሲሪሞን በር ቅርብ ነው። ብቻውን የሚሄድ ሰው አያስገቡም፣ ሦስት ብትሆኑም አስጎብኚ ያዙ። በሩ ላይ ጥሬ ገንዘብ አይሰራም፣ በካርድ ወይ በኤምፔሳ ነው፣ ያውም የነሱ ኤምፔሳ፣ ስለዚህ አስጎብኚው ይክፈልላችሁ። የደብረ ብርሃን ብርድ ያሳደገን ነን ብላችሁ ደግሞ አትሩጡ፣ ከጫፉ በፊት የሚታደርበት ሺፕተን ካምፕ 4200 ሜትር ነው፣ ከጓሳም በጣም በላይ፣ ራስ ምታቱ የደጋ ልጅ የቆላ ልጅ አይልም። አራት ቀን መድቡ፣ ማስታወክ የጀመረው ሰው ካለ ዝም ብላችሁ አውርዱት።

ደብረ ብርሃኗ፦
ወፍራም ጃኬትና መኝታ ከረጢት የለንም፣ እዚህ መርካቶ እንግዛ ወይስ?

አንኮበሬ፦
አትግዙ፣ ናንዩኪ ይከራያል። ጫማውን ብቻ እግራችሁ የለመደውን ከቤት ያዙ።