ቦኔር ላይ የባሕር ፈረስ ማግኘት አቃተኝ

ከካሪቢያን ደሴቷ ከቦኔር ወደ ኔዘርላንድስ ለመመለስ ሦስት ቀን ቀርቶኛል። እዚህ ለመጥለቅ ጀልባ አያስፈልግም፤ የቦታው ስም የተጻፈበት ቢጫ ድንጋይ አጠገብ መኪና አቁሞ በእግር ወደ ባሕሩ መግባት ነው። ጀማሪ ስለሆንሁ ከ8 ሜትር በታች አልወርድም።

የመጣሁት የባሕር ፈረስና እንቁራሪት ዓሣ ለማየት ነው። እንቁራሪት ዓሣ የምለው ያንን ስፖንጅ (ከባሕር ወለል ጋር ተጣብቆ የሚኖር እንስሳ) መስሎ የሚቀመጠውን፣ ክንፉን እንደ እግር አድርጎ የሚራመደውን ጉደኛ ፍጥረት ነው። 7 ጊዜ ጠልቄ አንዱንም አላየሁም። ባሪ ሪፍ በተባለው የመጥለቂያ ቦታ ጠዋት፣ በጨው መጫኛው ምሰሶዎች መካከል ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ጊዜም ማታ በእጅ ባትሪ ሞክሬያለሁ። በቀቀን ዓሣ ኮራል ሲቆረጥም ድምፁን ሰምቻለሁ፤ ኤሊም አይቻለሁ። ትናንት አንድ ቢጫ ስፖንጅ ፊት ለፊት 20 ደቂቃ ተንሳፍፌ ዓይኑን እስኪያንቀሳቅስ ጠበቅሁ። ለካ ስፖንጅ ብቻ ነበር!

አብሮኝ የሚጠልቀው ሰው «ቀስ በል» ስላለኝ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ50 ሜትር በላይ አልሄድሁም። ድንጋይ መገልበጥም ሆነ ኮራል መንካት አልፈልግም፤ በባሕር ፓርኩ ጓንት ማድረግ እንኳን ክልክል ነው። ችግሩ ከውኃው ሳይሆን ከዓይኔ ይመስለኛል።

በቀሩኝ ጥቂት የመጥለቅ ጊዜያት፣ ከ3 እስከ 8 ሜትር ባለው ውኃ ውስጥ፣ ጊዜዬን የት ላይ ላጥፋ፦ ስፖንጆቹ ላይ፣ የባሕር ፈረስ ጅራቱን የሚጠመጥምባቸው ለስላሳ ኮራሎች ላይ፣ ወይስ ከአሸዋው ዳር ባለው የኮራል ስብርባሪ ላይ?